ካታሎጉን ማን ያነባል?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍላችሁ፣

«ቅርሳችን ተመለሰ» የሚል ዜና ባነበብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል። ማን ደስ የማይለው አለ? አበባው፣ ፎቶው፣ ንግግሩ ሁሉ ይገባል። ዜናው ግን ሁልጊዜ አንድ ነገር ይዘላል። ዕቃው ለሐራጅ መውጣቱን መጀመሪያ ያየው ማን ነው? ሥራው ሆኖ ነው ያየው ወይስ ኢንተርኔት ሲጎረጉር አጋጥሞት? ሽያጩ ስንት ቀን ሲቀረው ነው የታየው? ደብዳቤዬ ስለዚህ ነው።

የምኖረው እንግሊዝ አገር ነው። አንድ አነስተኛ ሐራጅ ቤት ውስጥ ዕቃ ጫኝና አውራጅ ሆኜ ሠርቻለሁ። ስሙን አልጠራም፣ ለጉዳዩም አይጠቅምም። የታሪክ ምሁር አይደለሁም። ግን አንድ ዕቃ ከሰው ቤት ወጥቶ ገዢው እጅ እስኪገባ ያለውን መንገድ በትከሻዬ አውቀዋለሁ።

አካሄዱ እንዲህ ነው። ሽማግሌው ወይም አሮጊቷ ይሞታሉ። ልጆች ቤቱን መሸጥ ይፈልጋሉ፣ ቤቱ ደግሞ የስንት ትውልድ ኮተት የታጨቀበት ነው። የሐራጅ ቤቱ መኪና ይመጣል። ሰዓቱ፣ ምንጣፉ፣ ሳህኑ፣ ሜዳሊያው፣ ቁም ሣጥኑ ሁሉ ይጫናል። ከመሀል ማንም ምን እንደሆነ የማያውቀው ነገር አይጠፋም፣ ከጣሪያ ሥር ወይም ከሣጥን ግርጌ የወጣ። መዝጋቢው ፎቶ ያነሳዋል፣ ሦስት አራት መስመር ይጽፍለታል፣ ቁጥር ይለጥፍበታል፣ ግምት ዋጋ ይሰጠዋል። ከዚያ የሚሸጡት ዕቃዎች ዝርዝር፣ ማለትም ካታሎጉ፣ ከሽያጩ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ ኢንተርኔት ላይ ይወጣል። በቀኑ አጫራቹ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ይቆማል፣ አንዱ ከአዳራሹ እጁን ያነሳል፣ ሌላው በስልክ፣ ሌላው በኮምፒውተር ይጨምራል፣ መዶሻው ይመታል፣ አለቀ። አንድ ዕቃ አንድ ደቂቃም አይፈጅም። ገዢው ከተመታበት ዋጋ በላይ ለሐራጅ ቤቱ ኮሚሽን ይከፍላል፣ ብዙውን ጊዜ ከ20 በመቶ በላይ ነው። ሻጩም ይቆረጥበታል። ሐራጅ ቤቱ የዕቃው ባለቤት አይደለም። ደላላ ነው በቃ። ይህን ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

እንግዲህ የእኛ ዕቃ በዚህ መሀል ሲወጣ ምን ይመስላል? ብዙ ጊዜ ከጦር ሜዳሊያና ከሰይፍ ጋር ተደባልቆ ነው የሚመጣው። ምክንያቱም አያትየው ወታደር ነበር። አንዳንዴም ዕቃው ላይ «መቅደላ፣ 1868» ተብሎ ተቀርጾበታል። ሌባ የሰረቀው ዕቃ ላይ ምልክት ካለ ይፍቃል፣ እነዚህ ግን ራሳቸው ምልክት አስቀረጹበት! የዘረፋው ማስረጃ የቤተሰቡ ኩራት ነበር። ዛሬ ደግሞ ያው ጽሑፍ የዕቃውን ዋጋ የሚያንረው ነገር ነው። ጽሑፍ የሌለው ጋሻ ተራ የግድግዳ ጌጥ ሆኖ ይሸጣል። «መቅደላ» የሚል ያለበት ግን የጦር ዕቃ ሰብሳቢዎችን ይጠራል።

ስለ ሐራጅ ሳስብ ሁሌም የሚያበሽቀኝ ደግሞ የመቅደላ ዕቃ ሐራጅ ላይ መውጣቱ አዲስ ነገር አለመሆኑ ነው። ነገሩ የተጀመረው በሐራጅ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር ሚያዝያ 13 ቀን 1868፣ በእኛ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ወደቀች። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሰው ዓመትና ወር፣ ከአዋጁ ቁጥር በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።) ዐፄ ቴዎድሮስ ሽጉጣቸውን ጠጡ። የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር ግምጃ ቤቱንና ቤተ ክርስቲያኑን በረበረ። ከዚያ የተዘረፈውን በ15 ዝሆንና ወደ 200 በሚጠጋ በቅሎ ጭኖ ደላንታ ሜዳ ላይ አወረደውና ለሁለት ቀን ሐራጅ አወጣው። እዚያው ወሎ ውስጥ! ተጫራቾቹ መኮንኖቹ ራሳቸው ነበሩ። ወደ 5,000 ፓውንድ ተሰበሰበ፣ ገንዘቡም ለወታደሩ ተከፋፈለ፣ ለአንዱ የደረሰው 4 ብር ገደማ ነው። የማርያ ቴሬዛው ብር ማለቴ ነው። ለዚህ ነው ዛሬ የወታደር የልጅ ልጅ ቤት ውስጥ ዕቃው የሚገኘው። «አያቴ ገዝቶት ነው» ይላሉ፣ ውሸታቸውን አይደለም። ከማን ገዛው የሚለው ነው ጥያቄው።

ከተጫራቾቹ መሀል አንዱ ሪቻርድ ሆምስ ይባላል። ከብሪቲሽ ሙዚየም ከጦሩ ጋር የተላከ ሰው ነው፣ ኪሱ ውስጥ የሙዚየሙ ገንዘብ አለ። ከጦር ጋር የሙዚየም ሠራተኛ መላክ ምን ማለት እንደሆነ እናንተው ፍረዱ። ወደ 350 የሚሆኑ የብራና መጻሕፍት ለሙዚየሙ ሰብስቦ ወሰደ። ዛሬ ብሪቲሽ ላይብረሪ ውስጥ ናቸው። አሁን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ያለውን የወርቅ ዘውድና የወርቅ ጽዋ ደግሞ ገና መቅደላ ላይ ከአንድ ወታደር በ4 ፓውንድ ገዛው። ጽዋውንም ዘውዱንም ባንድ ላይ። አራት ፓውንድ!

ግን ከሁሉም በላይ የሚገርመኝ የኵርዓተ ርእሱ ታሪክ ነው። የእሾህ አክሊል የደፋ የጌታ ሥዕል ነው። ነገሥታቱ ጦር ሜዳ ይዘውት ይወጡ ነበር። በዳግማዊ ኢያሱ ዘመን በ1744 ከሱዳን ፉንጆች ጋር በተደረገው ጦርነት ተማርኮ፣ ቤዛ ተከፍሎ ወደ ጎንደር ተመለሰ። ሆምስ ይህን ሥዕል ለሙዚየሙ አላስረከበም። ለራሱ አስቀረው። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1872 ለንግሥት ቪክቶሪያ ጽፈው ክብረ ነገሥቱንና ኵርዓተ ርእሱን ጠየቁ። ክብረ ነገሥቱ ተመለሰ። ሥዕሉ ግን «አልተገኘም» ተባለ። ሆምስ በዚያን ጊዜ የት ነበር? የንግሥቲቱ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆኖ ዊንዘር ቤተ መንግሥት! ሥዕሉ እሱ ዘንድ ነበር። በ1905 ፎቶው አንድ የጥበብ መጽሔት ላይ ታትሞ ወጣ። ሆምስ ከሞተ በኋላ በ1917 ክሪስቲስ ሐራጅ ላይ ተሸጠ። በ1950 እንደገና ክሪስቲስ ተሸጠ፣ አንድ ፖርቱጋላዊ ገዛው። እስከ ዛሬ ከዚያ አገር አልወጣም።

ሁለት ጊዜ በአደባባይ፣ በዓለም ስሙ በታወቀ ሐራጅ ቤት፣ ካታሎግ ታትሞለት ተሸጠ። በ1917 ማንም ምንም ማድረግ አይችልም ነበር እንበል። በ1950 ግን ኢትዮጵያ ለንደን ላይ ኤምባሲ ነበራት። ንጉሠ ነገሥቱ አራት ዓመት ያህል እንግሊዝ አገር በስደት ኖረው የተመለሱ ሰው ናቸው፣ አገሩንም ሰዉንም ያውቃሉ። ካታሎጉን የሚያነብ ሰው ብቻ ነበር የጠፋው። ሁሌም ይሄ ነገር ያንገበግበኛል።

አንዳንድ ሰው «ዐፄ ቴዎድሮስስ ራሳቸው ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት አይደል የሰበሰቡት?» ይላል። አዎ፣ ብዙውን ከጎንደር ነው ያመጡት፣ መቅደላ ላይ ሊያሠሩት ላሰቡት መድኃኔዓለም ብለው። ጎንደሬው ቅር መሰኘቱም አይካድም። ይህ ግን በእኛና በእኛ መሀል ያለ ክርክር ነው። ናፒየርን ባለመብት አያደርገውም።

ወደ ቅርብ ጊዜው እንምጣ። በ2021 ዶርሴት የሚባል ገጠር ያለ አንድ ሐራጅ ቤት ከመቅደላ የመጡ ዕቃዎችን አወጣ። የብራና መጽሐፍና የቀንድ ዋንጫዎች ናቸው፣ ከዘመቻው መኮንኖች ከአንዱ ዘሮች ቤት የወጡ። ለንደን ያለው ኤምባሲያችን ጻፈ፣ ዕቃው ከሽያጩ ወጣ። ከዚያ ሼሄራዛድ ፋውንዴሽን የሚባል ድርጅት እነዚህንና ሌሎችም ዕቃዎች ገዝቶ መስከረም ላይ ለኤምባሲው አስረከበ። ዘውድ ነበረበት፣ ጋሻ ነበረበት፣ መስቀል ነበረበት። በዚያው ዓመት ኅዳር አዲስ አበባ ገቡ። በ2024 ደግሞ ሰሜን እንግሊዝ ኒውካስል ላይ የመቅደላ ጋሻ ለሐራጅ ወጣ። የቅርስ ባለሥልጣን ጻፈ፣ ጋሻው ከሽያጩ ወጣ፣ በኋላም በስምምነት ለአገሩ በቃ።

እዩት እስቲ። ሁለቱም ለንደን መሀል ያለ ዝነኛ ሐራጅ ቤት አይደሉም። ከለንደን ርቀው ያሉ፣ የቤት ዕቃ የሚሸጥባቸው ቦታዎች ናቸው። ሁለቱም ላይ የሠራው ነገር አንድ ደብዳቤ ነው፣ በሰዓቱ የደረሰ ደብዳቤ። ክስ የለም፣ ፍርድ ቤት የለም። ፍርድ ቤት ብንሄድ ኖሮ እንሸነፍ ነበር። ሕገወጥ የቅርስ ዝውውርን የሚከለክለው የ1970ው የዩኔስኮ ስምምነት ወደ ኋላ ሄዶ አይሠራም፣ እንግሊዝ ራሷ የገባችበት በ2002 ነው። በሕግ በኩል በሩ ዝግ ነው። ሐራጅ ቤቱ ግን ስሙን ይፈራል። ነገ ሌላ ቤተሰብ ዕቃውን እንዲያመጣለት ይፈልጋል፣ ጋዜጣ ላይ «የዘረፋ ዕቃ ሻጭ» ተብሎ መውጣት አይፈልግም። ለኮሚሽኑ ስንት ሊያገኝ? ጥቂት መቶ ፓውንድ። ለዚያ ብሎ አይጨቃጨቅም።

አሁን ከትልልቆቹ ሙዚየሞች ጋር አወዳድሩት። ብሪቲሽ ሙዚየም 11 ታቦት ይዟል። ለሕዝብ አያሳይም፣ የራሱ ሠራተኛ እንኳ አያያቸውም፣ ክፍል ዘግቶባቸው ነው ያለው። ስጡን ሲባል ሙዚየሙ የያዘውን እንዳይሰጥ የሚያግደውን የ1963ቱን ሕግ ያወጣል። ቪክቶሪያና አልበርት ደግሞ በ2018 የመቅደላን 150ኛ ዓመት ዐውደ ርዕይ ሲያዘጋጅ «በረጅም ጊዜ ውሰት ልንሰጣችሁ እንችላለን» አለ። የራሳችንን በውሰት! ኤዲንብራ ያለች አንዲት ቤተ ክርስቲያን ግን ቁም ሣጥን ውስጥ ታቦት ብታገኝ በ2002 ራሷ መለሰች። ማንም ሕግ አላስገደዳትም። ትንሹ ይሰጣል፣ ትልቁ ይከራከራል። ሙዚየሞቹን እንተዋቸው አላልኩም፣ ይጠየቁ፣ ይወትወቱ። ግን እነሱ ላይ ያለው ዕቃ የትም አይሄድም፣ የዛሬ አምሳ ዓመትም እዚያው ነው። ከአያት ቤት የሚወጣው ግን አንዴ መዶሻ ከተመታበት ወደማናውቀው ሳሎን ገብቶ ለሌላ ሰባ ዓመት ይጠፋል። የሚያስቸኩለው የቱ ነው?

ስለዚህ ሐሳቤ ቀላል ነው። አንድ ሰው ይቀጠር። አንድ፣ ቢበዛ ሁለት። ሥራው በየቀኑ የእንግሊዝን፣ የፈረንሳይን፣ የጣሊያንን፣ የአሜሪካን የሐራጅ ካታሎግ ማንበብ ብቻ ይሁን። ካታሎጎቹ ኢንተርኔት ላይ በነፃ አሉ፣ ቃል አስገብቶ መፈለግ ይቻላል፣ ማስጠንቀቂያ ኢሜይል እንዲመጣ ማድረግም ይቻላል። «ኢትዮጵያ» ብሎ መፈለግ ብቻ አይበቃም። «አቢሲኒያ»፣ «መቅደላ»፣ «ኮፕቲክ» (የግብፅ ክርስቲያኖች ማለት ነው) የሚለውንም መፈለግ ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም መዝጋቢው የግዕዝ ፊደል ባየ ቁጥር «ኮፕቲክ መጽሐፍ ቅዱስ» ብሎ ይጽፋል። የዶርሴቱም እንደዚያው ነበር። አንዳንዱ ከነጭራሹ «አፍሪካዊ፣ ምናልባት ምሥራቅ» ብሎ ያልፈዋል። ያንን የሚይዘው ፎቶውን አይቶ የኛ መሆኑን የሚለይ ዓይን ነው። የዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ሞልቶናል እኮ። የአንድ ሰው ደመወዝ ከአንድ የአቀባበል ሥነ ሥርዓት ወጪ ይበልጣል ብዬ አላምንም።

እዚህ ላይ የማልስማማባቸው ወዳጆች አሉኝ። «ለምን አንገዛውም? መዋጮ እናድርግ» ይላሉ። ልባቸውን አመሰግናለሁ። ግን መንግሥት ወይም ማኅበረሰቡ ሐራጅ ላይ ገብቶ መጫረት ከጀመረ ዋጋውን የምንሰቅለው እኛው ነን። አንድ ጋሻ በሺህ ቢሸጥ፣ ቀጣዩ ሻጭ «ኢትዮጵያውያን ይገዙታል» ብሎ በአምስት ሺህ ያወጣዋል። ሐራጅ ማለት ሁለት የፈለገ ሰው ካለ ዋጋው የሚያብድበት ቦታ ነው። እንደ 2021ዱ ወዳጅ ድርጅት ከሐራጁ ውጪ በዝምታ ገዝቶ ቢሰጠን ግን ምስጋና ይገባዋል፣ ዕቃው ገብቷልና። ለዕቃው ሳይሆን ለካታሎግ አንባቢው እንክፈል ነው የምለው።

ሌላው ደግሞ የእኛ የዳያስፖራዎቹ ነገር ነው። አንዱ ሐራጅ ላይ የብራና መጽሐፍ ያያል። ወዲያው ፌስቡክ ላይ ይለጥፈዋል። «ሌቦች!» ከነሊንኩ፣ ከነዋጋው። ሺህ ሰው ያጋራዋል። ሐራጅ ቤቱ ስልኩ ይጨናነቃል፣ ስድብ ይወርድበታል። ከዚያ ምን ይሆናል? ቅድም ሐራጅ ቤቱ ደላላ ነው ብያለሁ። ዕቃውን ከሽያጭ ያወጣና ለባለቤቱ ይመልስለታል። ባለቤቱ ደግሞ የፈራ፣ የተናደደ ሰው ነው። ዕቃውን ቤቱ ይደብቀዋል ወይም ለአንድ ነጋዴ በጓሮ በር ይሸጠዋል። ካታሎግ የለም፣ ፎቶ የለም፣ ዱካ የለም። ጮኸን አሸነፍን ብለን ላይክ ስንቆጥር ዕቃው ጠፋ ማለት ነው።

እባካችሁ እንዲህ አናድርግ። መጀመሪያ ስክሪንሾት ያዙ፣ ሁሉንም ፎቶ፣ የዕቃውን ቁጥር፣ የተጻፈበትን መግለጫ። ገጹ ነገ ሊጠፋ ይችላል። ለኤምባሲውና ለቅርስ ባለሥልጣን ላኩ። ለሐራጅ ቤቱም በጨዋ ቋንቋ ጻፉ፣ የባለቤቱን ቤተሰብ ማነጋገር የሚፈልግ አካል እንዳለ ንገሩ። ብዙዎቹ ክፉ ሰዎች አይደሉም። አያታቸው ያደረገውን እነሱ አላደረጉትም፣ ብዙዎቹ መቅደላ የት እንደሆነች እንኳ አያውቁም። ታሪኩን ሲሰሙ የሚደነግጡ አሉ፣ «እኛ ይህን ነገር ቤታችን አንፈልግም» የሚሉ አሉ። ይህን ዕድል በስድብ አናበላሽ። ሽያጩ ነገ ከሆነና መልስ ከጠፋ፣ ያኔ ጩኸቱ ይምጣ፣ እኔም አብሬ እጮኻለሁ።

አሁን ወደ ቤታችን። ይህኛው ክፍል ብዙ ሰው አይወደውም።

ሐራጅ ላይ የሚወጣው ሁሉ የመቅደላ አይደለም። ከመቅደላ መቶ ዓመት በኋላ፣ በእኛው ዘመን፣ በእኛው ሰው እጅ የወጣም አለ። የላሊበላው አፍሮ አይገባ መስቀል በ1997 ተሰርቆ ወጣ። ሰባት ኪሎ ወርቅ! አንድ የቤልጅየም ሰብሳቢ ገዝቶት ተገኘ፣ በ2001 ተመለሰ። ያኔ እንግሊዝ አልዘረፈችንም። የጨለቆት ሥላሴ ዘውድም ከቤተ ክርስቲያኑ ወጥቶ ኔዘርላንድ ገባ። አቶ ሲራክ አስፋው ሮተርዳም ቤታቸው ሻንጣ ውስጥ አገኙት፣ አላስነካም ብለው ከ20 ዓመት በላይ ደብቀው ጠበቁት፣ በ2020 ወደ አገሩ መጣ። እኚህ ሰው ሐውልት ያንሳቸዋል።

ታዲያ ይህ ዘውድ የጨለቆት ነው ተብሎ እንዴት ተረጋገጠ? አንድ ቄስ ደፍተውት የተነሡት የቆየ ፎቶ ስለነበረ ነው። በ2016 የዋሽንግተኑ ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ አንድ የብራና መጽሐፍ ለደብረ ሊባኖስ ገዳም መልሷል። የገዳሙ መሆኑ የታወቀው መጽሐፉ ቀደም ሲል በማይክሮፊልም ተነሥቶ ስለነበረ ነው። እነዚያን ማይክሮፊልሞች ማንሳት የተጀመረው በ1970ዎቹ ነው፣ ሚኒሶታ ያለው ሂል ቤተ መጻሕፍት ቅጂውን ይዟል፣ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን ሙሉ ካታሎግ ሲሠሩለት ኖረው በ2021 አረፉ። ያኔ ያ ሥራ ሲሠራ «ምን ያደርጋል?» ያለ ሰው አይጠፋም። ይኸው አደረገ።

ፎቶ ከሌለ ክርክር የለም። ሐራጅ ቤት ውስጥ ያየሁት ይህን ነው። አንድ ሰው ስልክ ደውሎ «ይህ የቤተሰባችን ዕቃ ነው፣ ተሰርቆብን ነው» ሲል የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ ፎቶ አለህ? ከሌለህ አዝናለሁ ይሉሃል። ካለህ ግን ሁሉም ነገር ይቆማል። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ይመዝገብ ይላል፣ ጥሩ ነው። ግን «አንድ የብር መስቀል፣ አንድ የብራና ወንጌል» ተብሎ በወረቀት መመዝገብ ሐራጅ ቤት ደጃፍ ላይ ምንም አይጠቅምም። የብር መስቀል ስንት ሺህ አለ? የተሰበረው ጎኑ፣ የተጠገነው ቦታ፣ ከጀርባው የተጻፈው ስም፣ የብራናው የመጀመሪያና የመጨረሻ ገጽ በፎቶ ካልተያዘ የኛ ነው ማለት አንችልም። ዛሬ ደግሞ ስልክ የሌለው ዲያቆን የለም። አንዳንድ አባቶች «ፎቶ ከተነሣ ሌባ ያየዋል» ብለው ይሰጋሉ። ስጋታቸው ይገባኛል። ግን ፎቶው ቲክቶክ ላይ ይውጣ ያለ የለም፣ አጥቢያው ዘንድ አንድ ቅጂ፣ ሀገረ ስብከቱ ዘንድ አንድ ቅጂ ተቆልፎ ይቀመጥ። ሌባውማ ያለ ፎቶም ያውቀዋል፣ ብዙ ጊዜ የቅርብ ሰው ነው።

ስለ ብራና ካነሣሁ አይቀር፣ በጣም የሚያሳዝነኝን ልናገር። መጽሐፉ ሙሉውን ሲሸጥ ቢያንስ አንድ ቦታ አለ። አሁን ግን ነጋዴዎች ሙሉውን ገዝተው ይበትኑታል። ቅጠል በቅጠል ይቆርጡና፣ ሥዕል ያለበትን ለብቻው፣ ጽሑፍ ብቻ የሆነውን ለብቻው፣ በፍሬም አድርገው ይሸጡታል። ፍየሉ ተገፎ፣ ቆዳው ተወጥሮ፣ ተፍቆ፣ ጸሐፊው ጎንበስ ብሎ ስንት ወር የደከመበት መጽሐፍ የአንድ ሰው መታጠቢያ ቤት ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። መቶ ገጽ ለመቶ ሰው ከተሸጠ በኋላ የትኛው ኤምባሲ ለማን ይጽፋል? እንዲህ የሚደረገው ደግሞ ቅጠሎቹ ተደምረው ከሙሉው መጽሐፍ የበለጠ ስለሚያወጡ ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም።

ጽሑፌን ያነበበ ሰው ሐራጅን የጠላሁ እንዳይመስለው። ሐራጅ ራሱ ምን አደረገ? በኅዳር 2023 ኒውዮርክ ሶዝቢስ ላይ አዲስ አበባ የተወለደችው የጁሊ ምሕረቱ ሥዕል በ10.7 ሚሊዮን ዶላር ሲሸጥ ሰፈር ሙሉ ስልክ ደውዬ ነው ያወራሁት። ከአንድ ወር በፊት ሆንግ ኮንግ ላይ በ9.3 ሚሊዮን የራሷን ክብረ ወሰን ሰብራ ነበር፣ መልሳ ሰበረችው። ያ ሥዕል በእጇ ሠርታ በፈቃዷ ለገበያ ያቀረበችው ነው። ከማን ወደ ማን እንደሄደ እያንዳንዱ እርምጃ ተጽፏል። (ገንዘቡ ለሷ ሳይሆን ለመጨረሻው ባለቤት መሄዱ ሌላ ጣጣ ነው፣ ዛሬ አልገባበትም።) ለሚሊዮን ዶላሩ ሥዕል የባለቤትነት ሐረጉን ከነዓመቱ የሚጠይቀው ገበያ ለጋሻውና ለወንጌሉ ሲሆን «ከአንድ ጨዋ ቤተሰብ የተገኘ» ብሎ ያልፈዋል። ያንን ሐረግ ካታሎግ ላይ ስታዩ ንቁ። ለእኔ ትርጉሙ «አትጠይቁን» ነው።

ወደ እናንተ ልምጣና ላብቃ። ጋዜጣችሁ የቅርስ ዜና ስትሠሩ ዕቃው አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርስ ብቻ አትሂዱ። ባለሥልጣኑን ጠይቁልን፦ የውጭ ሐራጅ ካታሎግ በመደበኛነት የሚከታተል ሠራተኛ አላችሁ ወይ? ስሙ ሳይሆን የሥራ መደቡ አለ ወይ? አንድ ዜጋ ለንደን ወይም ፓሪስ ሆኖ አንድ ነገር ቢያይ በየትኛው ኢሜይል ይጻፍ? በስንት ሰዓት መልስ ያገኛል? መልሱን አትሙልን። ኢሜይሉንም በትልቁ አትሙልን፣ ቆርጠን ፍሪጅ ላይ እንለጥፈዋለን። ከተቻለ ደግሞ ከየገዳሙና ከየአድባራቱ መሰረቁ የተረጋገጠና ፎቶ ያለው ዕቃ ካለ፣ በወር አንዴ እንኳ ፎቶውን ከነመለያው በአንድ ገጽ ብታወጡልን። እዚህ ያለን ሰዎች ሐራጅ ቤት የምንሠራ አለን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ የምንዞር አለን፣ የሽማግሌ ቤት የምናጸዳና ሽማግሌ የምንጦር አለን። ምን እንደምንፈልግ ብቻ ንገሩን።

አክባሪያችሁ፣
አንባቢያችሁ ከእንግሊዝ አገር